ለሚመለከተው ሁሉ

ሦስት ቀን ከበሩ ደርሼ ተመለስኩ፤
አንዱን ቀን በእንግዳ፣ አንዱን ቀን በስልኩ አሳበብኩ፤
በሦስተኛው ቀን ግን ብቻውን ነበረ፣
ለማንኳኳት የተነሳው እጄ እንደተንጠለጠለ ቀረ።
በአራተኛው ገባሁ፤
የገላንን ጭቃ ከጫማዬ ሥር በካርቶን ጠርጌ፣
ጉሮሮዬን ጠርጌ።

«ጋሽ ዘርጋው፣» አልኩት፣ «ሥራ አግኝቼ ነበር…
ማለቴ፣ ገና ነው፤ ከአስፋልቱ ማዶ፣ ከዱቄት ፋብሪካው በር
ማስታወቂያ አይቼ፤ ደብዳቤ አምጡ ይላል፣
ከአሠሪ የድጋፍ፤ ያለሱ አይሆንም ተብሏል።»
ከካልኩሌተሩ ላይ ዐይኑን ሳያነሳ
«አንቺው ጻፊና አምጪው፣» አለኝ፣ «ነገ ከምሳ
በፊት። እፈርማለሁ።»

ስድስት ዓመት ሙሉ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ስመዝን ውያለሁ፤
ስለኔ የሚጽፈው አንድ መስመር አጣ ወይ?
ወይስ የሰው ሁሉ ምስክርነቱ እንዲህ ነው ወይ፣
ራሱ የጻፈው፣ ሌላ የፈረመው?

ማታ ተቀመጥኩኝ፣ የኪራይ ቤቴን ጣራ ዝናብ ሲደበድበው፤
ከአከራዬ ልጅ ደብተር ሁለት ገጽ ለምኜ፣
ራሴን በሩቅ ጠርቼ፣ አክብሬ፣ አንቱ ሆኜ፦

«ወይዘሪት እልፍነሽ ጉደታ በድርጅታችን
በሚዛን ሠራተኛነት ሲያገለግሉ የቆዩ ሲሆን…»

ሳቄ መጣ።
ሰው ራሱን ሲወቅስ ቃል አይቸግረውም፤
ሲያመሰግን ጊዜ ምላሱ አይታዘዘውም።
ታታሪ፦ እሺ። መብራት በጠፋ ሌሊት የሚዛኑን ቁጥር በባትሪ አንብቤያለሁ።
ሰዓት አክባሪ፦ ታክሲ የታጣ ቀን ከቂሊንጦ በእግሬ መጥቻለሁ።
ተግባቢ፦ ከሾፌር ተሰዳድቤ፣ መኪናው ሳይራገፍ ታርቄያለሁ።
ታማኝ፦
እስክሪብቶው ቆመ።

ሙደሲር መጣብኝ። ቆራሌው ሙደሲር፣ ባለ ጋሪው፣
የአልጋ እግር፣ የጎበጠ ፌሮ፣ ቂጡ የተበሳ ድስት ጭኖ ሲገፋው።
ጋሽ ዘርጋው ያን ሰሞን «ከመቶው አምስት ቀንሺ፣» ብሎኛል፣
«ዝናብ የነካው ብረት ነው፤ ውሃውም ይመዝናል።»
ቀነስኩ።
ሙደሲር ከመስኮቴ ሥር፣ ቁጥሩን ቀና ብሎ ሳያየው፣
«አንቺ ካልሽ ልክ ነው፣» አለኝ፤ ደረሰኙን አጠፈው፣
ኮፍያው ውስጥ ከተተው።
ጥር ነበር።
ከሰማይ ጠብታ ከወረደ ወር አልፎት ነበር።
የጋሪው ጎማ አቧራ ያስነሳ ነበር።

በነጋታው ሰጠሁት። መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ፣
ከንፈሩን እያነቃነቀ አነበበ፤ አንዴ፣
ከዚያ ደግሞ ከላይ ጀመረና ደገመው።
«ጎበዝ፤ ቋንቋው ያምራል። ግን ‹ታማኝ› የሚል የለውም፤
ረሳሽው?»
«አልረሳሁትም።»

ግቢው ውስጥ የጭነት መኪና ሚዛኑ ላይ ወጣ፤
ጠረጴዛው ላይ የሻይ ብርጭቆው ተንቀጠቀጠ፣ ዝም አለ።
እስክሪብቶ አነሳ። ከ«ታታሪ» ቀጥሎ ጠባብ ክፍት ቦታ አለ፤
ጫፉን እዚያ አኖረ፤ ነጥብ የምታህል ቀለም ጣለ፣
ከዚያ ወደ ፊርማው ወረደ።
ማህተሙን እፍ፣ እፍ አለው፤ ቀለሙ ደርቋል፤ ሲመታው
ግማሽ ክቡ ታየ፣ ግማሹን ወረቀቱ ዋጠው።
«ይቅናሽ፣» አለኝ፣ ዐይኑን ሳያነሳ።

ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ተራ ወረፋ ይዣለሁ።
ደብዳቤውን በላስቲክ፣ ሹራቤ ውስጥ ሸሽጌዋለሁ።
እያሰላሁ ነው፤ አምስት ኪሎ በዚያን ቀን ዋጋ፣
ስንት ጋሪ፣ ስንት ጊዜ፣ ስንት በጋ።
ቤቱን እንኳ አላውቀው፤ ኮዬ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፣
ወይ ሌላ ሰው ይሆናል ያሉት፣ አምታትቼዋለሁ።
«ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል ከአናቱ።
ከ«ታታሪ» ቀጥሎ ያቺ ነጥብ አለች፤
ጣቴን ባሳርፍባት ገና አልደረቀች።
ወረፋው ተንቀሳቀሰ።